የዕጩ ያለፈ ዘመን እንደ ማስረጃ፦ የምክር ቤት ተወዳዳሪን የፖለቲካ ክንውንና የቀድሞ ግንኙነት ስለ መመርመር

አኅጽሮተ ጥናት

ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ያለፈ የፖለቲካ ሕይወት ለመራጩ ከሚቀርቡ ማስረጃዎች ሁሉ ጠቃሚው ነው፤ በቀላሉ የሚዛባውም እርሱው ነው። ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ፣ በተለይም በአማራ ክልል፣ የዕጩዎች ክንውንና የቀድሞ ግንኙነት በምን ሰነድ ሊታይ እንደሚችል፣ ሕጉ እስከ ምን እንደሚጠይቅ፣ የድርጅት ስም መለዋወጥ ምርመራውን እንዴት እንደሚያወሳስብ ያብራራል። ከ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ፣ ከ1997 እና ከ2013 ዓ.ም. ምርጫዎች፣ እንዲሁም ከፖላንድ፣ ከላትቪያና ከህንድ ልምድ በመነሣት አራት የመመርመሪያ ጥያቄዎችን ያቀርባል፤ እነርሱንም በቆጋ መስኖ አካባቢ ባለ መራጭ ዓይን ይፈትሻል። በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ፣ በመራዊ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የቆጋ ግድብ ወደ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝና ወደ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያለማ ታቅዶ የተሠራ ነው። የቆጋ ወንዝ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና ይገባል። በዚህ አካባቢ ያለ ገበሬ ውኃ የሚያከፋፍለውን ሰው ሲመርጥ የሰውየውን ያለፈ ሥራ ጠንቅቆ ያውቃል። በአማራ ገጠር በባህላዊ መስኖ ልማድ «የውኃ አባት» የሚባለው ሰው ተራ ያዛባ እንደ ሆነ፣ ለዘመዱ ያደላ እንደ ሆነ፣ ቦይ ሲጠረግ የቀረ እንደ ሆነ ጎረቤት ሁሉ አይቶታል። ምርመራው ያለ ሰነድ፣ ያለ ጋዜጣና ያለ ፍርድ ቤት ይካሄዳል፤ መርማሪውም ተመርማሪውም በአንድ ቦይ ዳር የሚውሉ ናቸውና።

ይኸው ገበሬ ለፌዴራሉ ምክር ቤት ተወካይ ሲመርጥ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ዕጩው ሥራውን ያከናወነው በሩቅ ሊሆን ይችላል፤ በድርጅት ውስጥ የወሰነው ውሳኔ በዝግ ስብሰባ ያለፈ ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞ አባል የነበረበት ድርጅት ስሙን ሁለትና ሦስት ጊዜ ለውጦ ሊሆን ይችላል። በዓይን የታየ ነገር ሲጠፋ ክፍተቱን ወሬ ይሞላዋል። «የእነ እገሌ ሰው ነው» የሚለው አባባል የምርመራ ውጤት መስሎ ይቀርባል፤ ይሁን እንጂ ሰውየው ምን እንዳደረገ አይናገርም።

ይህ ጽሑፍ የሚመልሰው ጥያቄ እንግዲህ የሚከተለው ነው፦ የዕጩ ያለፈ ክንውንና ግንኙነት መቼ ማስረጃ ይሆናል፣ መቼስ ስም ማጥፊያ ብቻ ሆኖ ይቀራል? ጥያቄው የዕውቀት ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ የቅርብ ዘመን ታሪክ በግንኙነት የተፈረደባቸው ሰዎች መሬት፣ ሥራና ነጻነት አጥተዋል፤ በአንጻሩም በድርጅት ስም ተሸሽገው ከተጠያቂነት ያመለጡ አሉ።

2. ሕጉ የሚጠይቀውና የማይጠይቀው

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት ከየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ በማግኘት እንደሚመረጡ ይደነግጋል። የአባላቱ ብዛት ከ550 እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ በሥራ ላይ ያለው የመቀመጫ ቁጥር 547 ነው። ይኸው አንቀጽ ተወካዩ የመላው ሕዝብ ተወካይ መሆኑንና ተገዥነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው መሆኑን ይናገራል። «ለኅሊናው» የሚለው ቃል ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ መሠረታዊ ነው፤ ተወካዩ እንደ ሰው የሚወስን ከሆነ እንደ ሰው ሊመረመር ይገባዋልና። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ የተመረጠ ተወካይም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል፤ ሕዝቡ እምነት ሲያጣ ተወካዩን ሊያነሣ እንደሚችልም ይገልጻል።

የምርጫውን ሥርዓት በዝርዝር የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። ዕጩ ሊሆን የሚችለው ኢትዮጵያዊ የሆነ፣ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ፣ ከምርጫ ክልሉ ጋር ሕጉ የሚጠይቀው ትስስር ያለው፣ በሕግ መብቱ ያልተገፈፈ ሰው ነው። የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ የሚያጣራው እነዚህንና መሰል የብቁነት መስፈርቶችን ነው። የዕጩው የቀድሞ ድርጅት ምን እንደ ነበረ፣ በሹመት ዘመኑ ምን እንደ ወሰነ ማጣራት የቦርዱ ተግባር አይደለም።

ሀብትን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና የመንግሥት ሠራተኞች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል። ነገር ግን ግዴታው የሚጀምረው ሰውየው ከተመረጠ ወይም ከተሾመ በኋላ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በመንግሥት ኃላፊነት ላይ ያልነበረ ዕጩ በምርጫው ቀን የሀብቱ ሁኔታ ለመራጩ የተሰወረ ሊሆን ይችላል።

ይህን ከዘውዳዊው ዘመን ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ዕጩ በምርጫ ክልሉ ነዋሪና የንብረት ባለቤት እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ፓርቲ ስላልነበረ ተወዳዳሪው የሚታወቀው በስሙ፣ በርስቱና በቤተሰቡ ነበር። በደርግ መጨረሻ ዘመን፣ በሰኔ 1979 ዓ.ም. ለ835 የብሔራዊ ሸንጎ መቀመጫዎች በተካሄደው ምርጫ ደግሞ ዕጩዎቹን የሚያቀርቡት የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ የብዙኃን ማኅበራትና የሠራዊቱ ክፍሎች ነበሩ። የዕጩው ያለፈ ዘመን በእርግጥ ተመርምሯል፤ መርማሪው ግን ድርጅቱ እንጂ መራጩ አልነበረም። በመጀመሪያው ዘመን የሰውየው ሀብት፣ በሁለተኛው ዘመን የሰውየው ታማኝነት ተመዘነ። ክንውኑ በሁለቱም ዘመን የምርጫው ማዕከል አልሆነም።

3. ክንውን በምን ሰነድ ይታያል?

በብዙ አገሮች የተወካይ ክንውን ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው በምክር ቤት የሰጠው ድምፅ ነው። በኢትዮጵያ ይህ መንገድ ጠባብ ነው። ድምፅ በአብዛኛው እጅ በማውጣት ይሰጣል፤ ለሕዝብ የሚነገረውም የድጋፍ፣ የተቃውሞና የድምፀ ተዓቅቦ ቁጥር እንጂ የእያንዳንዱ አባል ስም አይደለም። ገዢው ግንባርና አጋሮቹ በ2002 ዓ.ም. ከሁለት መቀመጫ በቀር ሁሉንም፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱንም በያዙበት ምክር ቤት የአንድን አባል የግል አቋም ከድምፅ ቆጠራ ለይቶ ማውጣት አይቻልም ነበር።

ከዚህ አንድ ያልተጠበቀ ውጤት ይከተላል። በ2002 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በመድረክ ስም የተመረጡት አቶ ግርማ ሰይፉ የተቃዋሚው ወገን ብቸኛ አባል ስለ ነበሩ «አንድ ተቃውሞ» ሲባል የማን ድምፅ እንደ ሆነ ለመገመት አያስቸግርም ነበር። የሌሎቹ አባላት ድምፅ ግን በብዛት ውስጥ ሰጠመ። ስለዚህ የምክር ቤት መዝገብን ብቻ የሚከተል ተመራማሪ በጥቂቶች ላይ ብዙ፣ በብዙዎች ላይ ጥቂት ማስረጃ ይሰበስባል። ይህ ሚዛን ማጣት የተመራማሪው አድልዎ ሳይሆን የመዝገቡ ባሕርይ ነው፤ ሆኖም ካልታረመ ወደ አድልዎ ይመራል።

መዝገቡ የሚጎድለውን የሚሞሉ ሌሎች ምንጮች አሉ። ዕጩው የአስፈጻሚ ሥልጣን የነበረው ከሆነ በመሥሪያ ቤቱ ላይ የቀረበ የዋና ኦዲተር ሪፖርት፣ በነጋሪት ጋዜጣ ወይም በክልሉ ዝክረ ሕግ የወጣ ሹመትና ደንብ፣ የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይገኛል። በባሕር ዳር የሚታተመው በኵር ጋዜጣ በየዘመኑ ባለሥልጣናቱ ምን እንደ ተናገሩ ያስቀምጣል። በመንግሥት ልሳን ላይ የወጣ ንግግር ባለሥልጣኑ ሊታይበት የፈለገውን መልክ ያሳያልና ለብቻው የክንውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቃል የተገባበትን ቀን ለማረጋገጥ ግን አስተማማኝ ነው። የተገባውን ቃል ከኋለኛው የኦዲት ሪፖርት ጋር ማነጻጸር ከብዙ ሐሜት ይልቅ ያስተምራል።

የመረጃ ነጻነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ደግሞ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም የስም ማጥፋት ጉዳይ በወንጀል ሳይሆን በፍትሐ ብሔር እንዲታይ አድርጓል። እነዚህ ድንጋጌዎች ለምርመራ በር ይከፍታሉ። ይሁን እንጂ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ እንደታየው፣ ግጭት ባለበት አካባቢ ሰነድ የሚጠይቅ ሰው በራሱ «የማን ወገን ነው?» ተብሎ ይጠረጠራል።

4. ግንኙነት፦ ድርጅት ስሙን ሲለውጥ

በአማራ ክልል የአንድን አንጋፋ ፖለቲከኛ ግንኙነት ለመከታተል የሚነሣ ሰው የስም ሰንሰለት ይገጥመዋል። በኅዳር 1973 ዓ.ም. ከኢሕአፓ የተለዩ አባላት የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄን (ኢሕዴን) መሠረቱ። ኢሕዴን በ1986 ዓ.ም. የብሔረ አማራ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ (ብአዴን) ሆነ። ብአዴን በመስከረም 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳር ባደረገው ጉባኤ የአማራ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ (አዴፓ) ተባለ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በብልጽግና ፓርቲ ውስጥ ከሰመ። አንድ ሰው ከድርጅቱ ሳይወጣ አራት የፖለቲካ ስሞችን ሊሸከም ይችላል።

ይህ ሰንሰለት ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶችን ይጋብዛል። የመጀመሪያው አዲሱን ስም እንደ አዲስ ሕይወት መቁጠር ነው፤ በዚህ መሠረት ዕጩው «ያ ብአዴን ነበር፣ እኔ ብልጽግና ነኝ» ብሎ ከቀድሞ ውሳኔው ይፋታል። ሁለተኛው ሰንሰለቱን በሙሉ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ መጫን ነው፤ በዚህኛው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ለመቀጠር ሲል አባል የሆነ ወጣት በ1980ዎቹ ለተወሰነ ውሳኔ ተጠያቂ ይደረጋል። ሁለቱም ስሕተቶች አንድ ምንጭ አላቸው፤ የድርጅቱን ታሪክ ከሰውየው ታሪክ አለመለየት።

የድርጅት ፍርድም ራሱ ተለዋዋጭ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። አቶ በረከት ስምዖን ለረጅም ዘመን የብአዴንና የመንግሥት ቃል አቀባይ የነበሩ ሰው ናቸው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ድርጅታቸው እርሳቸውንና አቶ ታደሰ ካሳን ከማዕከላዊ ኮሚቴ አገደ። በ2011 ዓ.ም. በጥረት ኮርፖሬት ጉዳይ ተይዘው በባሕር ዳር ተከሰሱ፤ በ2012 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ በአቶ በረከት ላይ የ6 ዓመት፣ በአቶ ታደሰ ላይ የ8 ዓመት እስራት ወሰነ። ቀደም ሲልም የሽግግሩ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ታምራት ላይኔ በ1989 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሥተው በኋላ 18 ዓመት ተፈርዶባቸው ነበር። በሁለቱም ጊዜ ድርጅቱ ለዓመታት ያከበራቸውን ሰዎች በአጭር ጊዜ ውስጥ ኮነነ። ለተመራማሪው ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ድርጅት ሲያሞግስም ሆነ ሲያወግዝ የሚሰጠው ምስክርነት ስለ ድርጅቱ ጊዜያዊ ፍላጎት የሚናገር ሊሆን ስለሚችል ከፍርድ ቤት መዝገብ፣ ከሂሳብ ሰነድና ከተጎጂ ቃል ጋር ሳይመሳከር አይወሰድም።

5. የ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ያስተማረው

ሰውን በግንኙነቱ መመደብ ምን ውጤት እንደሚያስከትል ለማየት ከአማራ ክልል ውጭ መሄድ አያስፈልግም። በ1989 ዓ.ም. በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም እንዲሁም በሌሎች የክልሉ አካባቢዎች በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ገበሬዎች በየምድባቸው ተለዩ። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራርነት ወይም በተያያዘ ኃላፊነት ያገለገሉት «ቢሮክራት»፣ ከዘውዳዊው ሥርዓት ጋር የተያያዙት «ፊውዳል» ተባሉ። ለእነዚህ የተፈቀደው የመሬት ጣሪያ 1 ሄክታር፣ ማለትም 4 ጥማድ ገደማ ሲሆን፣ ሌላው ገበሬ እስከ 3 ሄክታር መያዝ ይችል ነበር። ምድቡ ከአካባቢ ሥልጣንም አገለላቸው።

የዚህ አሠራር ጉድለት ያለፈን ዘመን መመርመሩ አልነበረም። በደርግ ዘመን ሥልጣናቸውን ተጠቅመው ሰፊ መሬት የያዙ፣ ጎረቤታቸውን የበደሉ ሹማምንት በእርግጥ ነበሩ። ጉድለቱ ምርመራው ከድርጊት ይልቅ በሹመት ስም ላይ መቆሙ ነው። ሥልጣኑን ለግል ጥቅም ያዋለ ሊቀ መንበርና በጎረቤቶቹ ግፊት ለአንድ ዓመት ጸሐፊ የሆነ ገበሬ በአንድ መዝገብ ሊገቡ ቻሉ። መዳኛ መንገድም አልተበጀም፤ «ይህን አላደረግሁም» የሚል ሰው የሚሰማው አካል ቢያገኝ እንኳ የተመደበበት ምክንያት ድርጊት ስላልሆነ ማስተባበያው ዋጋ አልነበረውም። የጎጃም ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው እስከ አዲስ አበባ ድረስ መጓዛቸው የቅሬታውን ጥልቀት ያሳያል።

በተመሳሳይ ዘመን ሌላ መንገድም በአገሪቱ ነበር። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በደርግ ዘመን ወንጀሎች ከ5,000 በላይ ሰዎችን ከስሷል። ሂደቱ እጅግ በመንዛዛቱና ብዙዎችን ለዓመታት ያለ ፍርድ በማሰሩ ተተችቷል። ሆኖም በመርሕ ደረጃ የጠየቀው «የኢሠፓ አባል ነበርህ?» ብሎ ሳይሆን «ማንን፣ መቼ፣ የት፣ በምን ትእዛዝ ገደልህ ወይም አስገደልህ?» ብሎ ነው። የሽግሽጉ ምድብና የልዩ ዐቃቤ ሕጉ ክስ አንድን ዘመን የመረመሩ ሁለት ዘዴዎች ናቸው። ልዩነታቸው ተመርማሪው መልስ ሊሰጥበት የሚችል ጥያቄ መጠየቅና አለመጠየቅ ላይ ነው።

6. ንጽጽር፣ እስራትና ክስ

የምርጫ ቅስቀሳ የግንኙነት ክስን በስሜት ያጦዘዋል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በፊት በቴሌቪዥን በተላለፉ ክርክሮችና ንግግሮች ከገዢው ግንባር ወገን ተቃዋሚዎችን ከሩዋንዳው ኢንተርሃምዌ ጋር የሚያመሳስል አነጋገር ተሰምቷል። ከተቃዋሚው ጎራ የተሰለፉ ግለሰቦች «የደርግ ርዝራዥ» ተብለው በጅምላ ሲጠሩ ቆይተዋል፤ በሌላ ወገን ደግሞ ከመንግሥት ጋር የተነጋገረ ሁሉ «ተለጣፊ» ይባላል። እነዚህ ቃላት የሚሠሩት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ዕጩው የፈጸመውን ድርጊት ሳይጠቅሱ፣ ሌላው የፈጸመውን አስከፊ ድርጊት በስሙ ላይ ይለጥፋሉ።

እስራትም እንዲሁ ሁለት ተቃራኒ ንባቦች አሉት። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በ1997ቱ ምርጫ ማግሥት ታስረው፣ በ1999 ዓ.ም. ተፈርዶባቸውና በይቅርታ ተፈትተው፣ በ2001 ዓ.ም. ዳግም ታስረው በ2003 ዓ.ም. ተለቅቀዋል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ያው ሰው የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። የፍርድ መዝገቡን ብቻ ያነበበ ወንጀለኛ ያያል፤ የፍርዱን የፖለቲካ ሁኔታ ያነበበ ሌላ ነገር ያያል። ሁለቱም ንባቦች ሰነድ አላቸው፤ ተመራማሪው አንዱን ደብቆ ሌላውን ቢያቀርብ ሐሰት ሳይናገር ያታልላል።

በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ደረሰ። የባልደራስ ለእውነተኛ ዴሞክራሲ ፓርቲ መሪ አቶ እስክንድር ነጋና የፓርቲያቸው ባልደረቦች በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከተከሰተው ሁከት ጋር በተያያዘ ክስ በእስር ላይ ሳሉ በዕጩነት ለመመዝገብ ጠየቁ፤ ቦርዱ አልመዘገባቸውም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በግንቦት 2013 ዓ.ም. መወዳደር እንደሚችሉ ወሰነ፤ ቦርዱም ውሳኔውን ተቀብሎ መዘገባቸው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ክሱ ተቋርጦ ተፈቱ። ከዚህ የሚወጣው መርሕ ለሕግም ለምርመራም ይሠራል፤ ክስ የክንውን ማስረጃ አይደለም፤ ክስ መኖሩ ብቻ የሚያስረዳው ከሳሽ መኖሩን ነው።

ለባሕር ዳር አካባቢ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ነው። ንቅናቄው በሰኔ 2010 ዓ.ም. በባሕር ዳር ተመሠረተ። ከሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የባሕር ዳር ግድያ በኋላ ቃል አቀባዩ አቶ ክርስቲያን ታደለ ታስረው በ2012 ዓ.ም. ተለቀቁ፤ በ2013 ዓ.ም. ለተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ። የንቅናቄው ሊቀ መንበር ዶክተር በለጠ ሞላ ደግሞ ከምርጫው በኋላ በአዲሱ መንግሥት ሚኒስትር ሆኑ። በአንድ ድርጅት አመራር ውስጥ ከነበሩ ሰዎች አንዱ በእስር፣ ሌላው በካቢኔ አባልነት የታወቁ መሆናቸው «የአብን ሰው» የሚለው ስያሜ ብቻውን ስለ አንድ ግለሰብ ምን ያህል ጥቂት እንደሚነግር ያሳያል። ለአንዱ መራጭ እስራት የጥፋት ምልክት፣ ለሌላው የጀግንነት ማዕረግ ነው፤ ሹመትም ለአንዱ ኃላፊነት፣ ለሌላው ክህደት ነው። አራቱም ንባቦች «ሰውየው በያዘው ቦታ ላይ ምን አደረገ?» የሚለውን ጥያቄ ሳይመልሱ ያልፋሉ።

7. ሌሎች አገሮች የሞከሯቸው መንገዶች

ከኮሙኒስት ሥርዓት የወጡ የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሟቸዋል። ፖላንድ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ከቀድሞው የደኅንነት መሥሪያ ቤት ጋር ተባብሮ እንደ ሆነ እንዲያሳውቅ አስገደደች። የሕጉ ብልኃት ቅጣቱን ያዋለበት ቦታ ነው። ግንኙነቱን ያመነ ዕጩ አልተከለከለም፤ ያመነው ለመራጩ ተገልጾ ፍርዱ ለመራጩ ተተወ። የዋሸ ግን ለ10 ዓመት ከምርጫና ከሹመት ይታገድ ነበር። ሕጉ ያለፈውን ግንኙነት ሳይሆን የዛሬውን ውሸት ቀጣ።

ላትቪያ ጠንከር ያለውን መንገድ መረጠች። እ.ኤ.አ. ከጥር 13 ቀን 1991 በኋላ በኮሙኒስት ፓርቲው ውስጥ በንቃት የተሳተፈ ሰው ለፓርላማ እንዳይወዳደር ከለከለች። ታትያና ዥዳኖካ የተባሉት ፖለቲከኛ ክልከላውን በአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ተቃወሙ። የፍርድ ቤቱ ታላቁ ችሎት እ.ኤ.አ. በ2006 የላትቪያን ልዩ ታሪካዊ ሁኔታ በማገናዘብ ጥሰት አልተፈጸመም አለ፤ ነገር ግን ክልከላው እየተገመገመ በቶሎ እንዲያበቃ አሳሰበ። የውሳኔው አስኳል ጊዜ ነው፤ የግንኙነት ማስረጃ እየቆየ ሲሄድ ክብደቱ ይቀንሳል።

ህንድ በበኩሏ ስለ ግንኙነት ሳይሆን ስለ መዝገብ ጠየቀች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 እያንዳንዱ ዕጩ ያለበትን የወንጀል ጉዳይ፣ ሀብቱን፣ ዕዳውንና የትምህርት ደረጃውን በቃለ መሐላ እንዲያሳውቅ ወሰነ። ይህ በኢትዮጵያ የሀብት ምዝገባ ሕግ ከሚታየው ክፍተት ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነው፤ መረጃው ከምርጫው በፊት እንጂ በኋላ ቢመጣ ለመራጩ አይጠቅምም። የህንድ ልምድ ወሰኑንም ያሳያል፤ የወንጀል ክስ እንዳለባቸው በይፋ ያሳወቁ ብዙ ዕጩዎች እየተመረጡ ይቀጥላሉ። መረጃ መስጠት ለመራጩ የመፍረድ ዕድል ይሰጠዋል እንጂ ፍርዱን አይወስንለትም።

8. አራት የመመርመሪያ ጥያቄዎች

ከላይ ከታዩት ሁኔታዎች ተነሥቶ የዕጩን ያለፈ ዘመን ለመመርመር አራት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይቻላል። አንደኛው ዘመንን ይመለከታል፤ ግንኙነቱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ነበር? ሁለተኛው ሥልጣንን ይመለከታል፤ ዕጩው በድርጅቱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ምን የመወሰን አቅም ነበረው? ሦስተኛው ድርጊትን ይመለከታል፤ በዚያ ዘመንና በዚያ ሥልጣን የፈጸመው፣ የፈረመው ወይም ሊከላከለው ሲችል ዝም ያለው የትኛው ነው? አራተኛው የኋላውን ይመለከታል፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ምን ተናገረ፣ ምንስ አስተካከለ? አንድ ክስ ከእነዚህ ጥያቄዎች ሦስተኛውን መመለስ ካልቻለ ስለ ዕጩው የተነገረ ማስረጃ ሳይሆን ስለ ዕጩው የተነገረ አስተያየት ነው።

ጥያቄዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት ወደ ቆጋ መመለስ ይረዳል። አንድ ዕጩ ግድቡ በተሠራበት ዘመን የወረዳ ባለሥልጣን ነበር እንበል። «በመስኖው ጊዜ መሬት ያስነጠቀን እርሱ ነው» የሚል ክስ ይቀርብበታል፤ ደጋፊዎቹም «መስኖውን ያመጣው እርሱ ነው» ይላሉ። ሁለቱም አባባሎች ገና አልተመረመሩም። ግድቡ የተሠራው በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር፣ በፌዴራል መንግሥት ውሳኔ ስለ ሆነ መስኖውን «ማምጣት» የወረዳ ባለሥልጣን ሥራ ሊሆን አይችልም። ውኃው የሚተኛበትን መሬት የመምረጡ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ስለዚህ ሙገሳውንም ወቀሳውንም ያቃልላል።

በወረዳና በቀበሌ ደረጃ የተወሰኑ ነገሮች ግን ይኖራሉ፤ የካሳ ግምት የሠራው ኮሚቴ፣ የምትክ መሬት ድልድል፣ የአቤቱታ አቀባበል። እነዚህ ቃለ ጉባኤ፣ ፊርማና ቀን አላቸው። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ከድልድሉ በፊትና በኋላ ማን ምን እንደ ያዘ ያሳያል። ዕጩው የኮሚቴው ሰብሳቢ ከነበረ፣ ዘመዶቹ ከቦዩ አጠገብ የተሻለ ማሳ አግኝተው ከሆነ፣ ወይም በተቃራኒው የአንዲትን ባል የሞተባት ሴት አቤቱታ ተቀብሎ ድልድሉን አስተካክሎ ከሆነ በሰነድ ሊታይ ይችላል። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 841/2006 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የማኅበራቱ አመራር ምርጫና የሂሳብ መዝገብ ሌላ የማስረጃ ምንጭ ሆኗል።

ሰነዱ ያላስቀመጠውን የሰው ቃል ይሞላዋል፤ እዚህም ጥንቃቄ ያሻል። የመሬት ጉዳይ በጎረቤታሞች መካከል ረጅም ቂም ይተክላል። ስለዚህ የአንድ ምስክር ቃል ቢያንስ በድልድሉ ካልተጠቀመና ካልተጎዳ ሰው ቃል መመሳከር አለበት፤ ዕጩውም መልስ እንዲሰጥ ጥያቄው በዝርዝር ሊቀርብለት ይገባል። መልስ የማግኘት ዕድል ለዕጩው ክብር ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ መርማሪው የሳተውን ቀን፣ የተሳሳተውን ስም፣ ያላየውን ደብዳቤ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ተመርማሪው ራሱ ነው።

9. ማጠቃለያ

የዕጩ ያለፈ ዘመን መመርመር የመራጩ መብት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ተወካዩን ለኅሊናው ተገዥ ሲያደርግ ይህን መብት አብሮ ሰጥቷል። በሥራ ላይ ያለው ሕግ ግን ለመራጩ የሚያደርስለት ነገር ጥቂት ነው። ዕድሜ፣ ዜግነትና ከምርጫ ክልሉ ጋር ያለ ትስስር ይጣራል፤ ክንውን ወደ ድርጅት ስም ተጠቅልሎ ይቀርባል። ይህን ለማሻሻል ሦስት እርምጃዎች ከሌሎቹ ይቀድማሉ፤ ዕጩዎች ሀብታቸውንና የቀድሞ ኃላፊነታቸውን ከምርጫው በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁና ሐሰት የተናገረ እንዲጠየቅበት ማድረግ፣ በምክር ቤት የተሰጠ ድምፅ በአባሉ ስም እንዲመዘገብ ማድረግ፣ የወረዳና የቀበሌ ቃለ ጉባኤዎችን ጠብቆ ለጠያቂ ክፍት ማድረግ።

ሦስተኛው እርምጃ ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቅርብ ነው። የመሬት ድልድልና የካሳ መዝገቦች በየወረዳው ቢሮ በወረቀት ያሉ ናቸው፤ ግጭት፣ እሳትና የቢሮ መዘዋወር በቀላሉ ያጠፋቸዋል። መዝገቡ ሲጠፋ በዳዩም ያልበደለውም እኩል ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው ከተጠያቂነት ያመልጣል፣ ሁለተኛው ከሐሜት የሚነጻበትን ያጣል። የ1989 ዓ.ም. ምድብ ያቆሰላቸው ገበሬዎች ያጡት ይህንኑ ነበር፤ በስማቸው ፋንታ ሥራቸው የሚጠየቅበትን ወረቀት።